«የዘር ልዩነት» እና «የሽልማት ስሱነት»፦ በሁለት የሥነ ልቡና አቻ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ለአንድ የሙያ ስያሜ አቻ ቃል ስንመርጥ ቃሉን ለብቻው መዝነን የምንረካበት ጊዜ ብዙ ነው። ቃሉ ከሥርወ ቃሉ ጋር ከተስማማ፣ አጠር ካለና ለምላስ ካልከበደ፣ በቃላት መድበሉ ውስጥ ቦታ ይሰጠዋል። ነገር ግን ስያሜ ብቻውን አይነበብም። የሚነበበው በዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሌሎች ስያሜዎች ጋር ተጣምሮ ነው፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲታዩ እንከን የማይወጣላቸው ቃላትም ሲገናኙ ደራሲው ያላሰበውን ነገር ሊናገሩ ይችላሉ። በዚህ ጽሑፍ ይህ ዓይነቱ ችግር ጎልቶ የሚታይበትን አንድ የሥነ ልቡና ርእስ ወስደን አቻ ቃላቱን እንመረምራለን፤ በመጨረሻም የማሻሻያ ሐሳብ እናቀርባለን።

ርእሱ የሚከተለው ነው። ልጆች ለሚያገኙት ጥቅም ወይም ደስታ የሚሰጡት ምላሽ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር እንዴት ይለወጣል? ለውጡስ በተለያዩ የኅብረተሰብ ወገኖች ልጆች ዘንድ ይለያያል ወይ? እንግሊዝኛው የመጀመሪያውን ነገር «ሪዋርድ ሴንሲቲቪቲ» ይለዋል፤ የወገኖቹን መለያ ደግሞ «ሬስ» በሚለው ቃል ይጠራዋል። በእጃችን በሚገኙት የተለመዱ አቻዎች ብንተረጉመው ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር እናገኛለን፦ «ልጆች ለሽልማት ያላቸው ስሱነት ከዕድሜ ጋር በሚያሳየው ለውጥ ረገድ የዘር ልዩነት ይታያል።» ዓረፍተ ነገሩን ያቀናበርነው እኛው ነን፤ የማንንም ተርጓሚ ሥራ ለመንቀፍ የተወሰደ አይደለም። የሰዋስው ስሕተትም የለበትም።

አንባቢውንም እንወስን። ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን በደምቢያ ሜዳ ላይ የምትገኘውን ቆላ ድባን እንውሰድ። በዚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአማርኛ ነው፤ መምህሩም ስለ ልጆች ጠባይና ዕድገት የሚያነበው ጽሑፍ በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ በተመለሱ ስያሜዎች የተሞላ ነው። ይህ መምህር ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ምን ይረዳል? የምንፈራውን አስቀድመን እንናገር፤ «ስስት በዘር ይወረሳል» የተባለ ይመስለዋል። ጥናቶቹ ግን ይህን አላሉም። ንባቡ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ቃላቱን አንድ በአንድ መመልከት ያስፈልጋል።

1. «ሽልማት»

«ሸለመ» የሚለው ግስ አስጌጠ፣ አከበረ ማለት ነው። «ሽልማት» ከሹመት ጋር ተጣምሮ «ሹመት ሽልማት» እየተባለ የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቃሉ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ አንደኛ፣ ሰጭው ከተቀባዩ በማዕርግ ወይም በሥልጣን የበለጠ ነው፤ ሁለተኛ፣ የሚሰጠው አስቀድሞ ለተፈጸመ በጎ ሥራ ነው፤ ሦስተኛ፣ የሚሰጠው ሰው እያየ ነው። በዓመቱ መጨረሻ አንደኛ ለወጣ ተማሪ የሚበረከተው መጽሐፍ ሦስቱንም ያሟላልና ሽልማት መባሉ ተገቢ ነው።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ስያሜ ግን ከነዚህ አንዱንም ግዴታ አያደርግም። ለእነርሱ ነገሩ አንድን ድርጊት መልሶ ለመፈጸም የሚገፋፋ ማናቸውም ደስ የሚያሰኝ ውጤት ነው፤ ምግብ፣ ገንዘብ፣ ፈገግታ፣ ጨዋታ ሁሉ ይገባበታል። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን ቻርልስ ካርቨርና ቴሪ ዋይት የተባሉት ተመራማሪዎች የጄፍሪ ግሬይን ንድፈ ሐሳብ ተከትለው እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት፣ ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት መጠይቅ ነው። በመጠይቁ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነቱ ውጤት የሚሰጠውን ምላሽ የሚለኩት ዓረፍተ ነገሮች አምስት ናቸው። ከአምስቱ ውድድር ማሸነፍን የሚያነሣው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ ሰው የፈለገውን ሲያገኝ፣ የሚወደውን ነገር የሚያገኝበት አጋጣሚ ሲታየው፣ መልካም ነገር ሲገጥመው፣ የያዘው ሥራ ሲሳካለት የሚሰማውን ይጠይቃሉ። እንግዲህ «ሽልማት» ከአምስቱ ለአንዱ ይስማማል፤ ለአራቱ አይስማማም።

ለአራቱ የሚሆን ቃል አማርኛ የለውም እንዳይባል በየቀኑ የምንሰማቸውን እንቍጠር። በቆላ ድባ ገበያ እህል የገዛ ሰው ከተሰፈረለት በላይ «ምርቃት» ይጨመርለታል። በማዕድ ዙሪያ «ጉርሻ» አለ፤ ቃሉ ከማዕድ ወጥቶ ለአስተናጋጅ የሚሰጠውንም ገንዘብ መጠሪያ ሆኗል። ለውለታ የሚመለሰው «ወሮታ» ነው። ሠራተኛን ለማነቃቃት የሚቀርበው «ማትጊያ» ይባላል። ለሥራ የሚከፈለው «ምንዳ» ነው። እነዚህ ቃላት በፍቺ አይወራረሱም። ምርቃት የሰጭ ቸርነት ነው፤ ተቀባዩ ልጠይቅ ቢል እንኳ በልመና ነው። ጉርሻ ፍቅርን ወይም ምስጋናን ይገልጻል። ወሮታ ቀድሞ የተዋለ ውለታ ሳይኖር አይነገርም። ማትጊያ ከድርጊቱ በፊት የሚታይ እንጂ በኋላ የሚገኝ ነገር መጠሪያ ሊሆን አይችልም።

የቀረው «ምንዳ» ነው። ምንዳ ድርጊትን ተከትሎ ይመጣል፤ ትልቅም ትንሽም ሊሆን ይችላል፤ ቶሎም ዘግይቶም ሊከፈል ይችላል፤ ክብርንና ተመልካችን አይጠይቅም። በእስልምና ሃይማኖት የአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ ፈጣሪ ለሰው ሥራ የሚከፍለው ምላሽ «ምንዳ» እየተባለ ስለሚጻፍ፣ ቃሉ ከደመወዝ የሰፋ ፍቺ መያዝ እንደሚችል አስቀድሞ ተፈትኗል። «ምንደኛ» የሚለው ርቢ የነቀፋ ቃና አለው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነቀፋው ግን ያረፈው ለክፍያ ሲል ብቻ በሚያድረው ሰው ላይ ነው፤ ወደ ክፍያው ስም አልተሻገረም።

2. «ስሱነት»

ለ«ሴንሲቲቪቲ» በመጀመሪያ ወደ አፍ የሚመጣው «ስሜታዊነት» ነው። ይህ ቃል ግን ስሜቱን መግዛት ያቃተውን ሰው ጠባይ የሚገልጽ ስለሆነ ብዙ ተርጓሚዎች በትክክል ሸሽተውታል። ሸሽተው የደረሱበት «ስሱነት» ግን የባሰ ነው። በሕክምና አማርኛ «ስሱ የሰውነት ክፍል» ስንል ቶሎ የሚነካ፣ ቶሎ የሚሰማው ማለታችን ግልጽ ነው፤ ስለ ሥጋ እንጂ ስለ ጠባይ አልተናገርንምና። «ስሱ ልጅ» ስንል ግን ነገሩ ይለወጣል። በተራው ንግግር ስሱ ልጅ የሌላውን ድርሻ የሚመኝ፣ አይቶ የማይጠግብ ልጅ ነው፤ ቃሉ ከ«ስስት»ና ከ«ስስታም» ጎን ቆሞ ይሰማል። ከፊቱ «ለሽልማት» የሚለውን ስናስቀድምለት ደግሞ ስስቱ የሚፈልገውን ዕቃ አገኘ ማለት ነው።

በመጠይቅ ወይም በአእምሮ ምስል የሚለካው ነገር ግን ነቀፋም ምስጋናም የለበትም። ለሚያገኘው ነገር ብርቱ ምላሽ የሚሰጥ ልጅ ትጉ ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ምላሹ የደከመ ልጅ ደግሞ በኀዘን የተጎዳ ሊሆን ይችላል። የደከመ ምላሽ ከድብርት ሕመም ጋር ተያይዞ የሚጠናውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ምላሽ» የሚለው ገለልተኛ ቃል «ልክ» ከሚለው ጋር ተጣምሮ «ለምንዳ የሚሰጥ የምላሽ ልክ» ቢባል፣ ብዛትም ማነስም እኩል ይነገርበታል። አጭር ሲያስፈልግ «የምንዳ ምላሽ» ይበቃል።

3. «ዘር»

ከሦስቱ ቃላት ጉዳቱ የሚከፋው የዚህ ነው። «ዘር» ከግእዙ «ዘርዐ» ጋር አንድ ሥር ያለው፣ የሚዘራውንም የሚወለደውንም የሚጠራ ቃል ነው። በሰዋስዋችንም «ጥሬ ዘር» ስንል ከግሱ የበቀለውን ስም ማለታችን ነው። በሁሉም አገባቡ አንድ ሐሳብ አይለየውም፤ ይኸውም ከውስጥ የሚበቅል፣ ከወላጅ ወደ ተወላጅ የሚሄድ መሆኑ ነው። የሥነ ሕይወት ትምህርት በውርስ የሚተላለፈውን ነገር «ዘረ መል» ብሎ ሲሰይም ይህንኑ ሐሳብ አጽንቶታል። ዛሬ «የዘር ልዩነት» የሚል የሳይንስ ጽሑፍ ያነበበ ተማሪ ዘረ መልን ቢያስብ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ወደዚያ የመራነው እኛው ነን።

አንዳንዶች ይህን ለማምለጥ «ዝርያ» የሚለውን ያቀርባሉ። በጣና ዳርቻ ዝርያ ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ «የፎገራ ዝርያ» የምትባለውን፣ በወተቷ የታወቀችውን ላም ማስታወስ ይበቃል። የከብት ማርቢያ ቃል ለልጆች መመደቢያ አይሆንም።

በደምቢያ ገበሬ ዘንድ ደግሞ «ዘር» ከሁሉ አስቀድሞ የማይበላው እህል ነው። ክረምቱ ገፍቶ ጎተራው ሲጎድል እንኳ ለዘር የተቀመጠው ጤፍና ሽምብራ እንዳይነካ ይጠበቃል፤ በቤቱ ያለ ልጅም ይህን እያየ ያድጋል። የዛሬውን ትቶ የነገውን መጠበቅን በአንድ ቃል ጥራ ቢባል ገበሬው ሊጠራው የሚችለው ቃል ይኸው «ዘር» ነው። እኛ ግን በትርጉማችን የአንዱን ወገን ልጆች አለመታገሥ በዚሁ ቃል ልናስረዳ ተነሥተናል።

ከቃሉ ሌላ የአገባብ ችግርም አለ። «የዘር ልዩነት» በሚለው ሐረግ ውስጥ ያለው «የ» ሦስት ንባብ ይሰጣል፦ ዘሮች መለያየታቸው፣ በዘሮች መካከል የታየ ልዩነት፣ ከዘር የተነሣ ልዩነት። የመጀመሪያው ስለ ሰዎቹ መደብ፣ ሁለተኛው ስለ ታየ ነገር፣ ሦስተኛው ስለ ምክንያት ይናገራል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ሁለተኛውን ነው። የአማርኛው አንባቢ የሚሰማው ሦስተኛውን ነው፤ «ዘር» ራሱ የምክንያት ስም ነውና።

በዚህ ላይ መለያው ከምን እንደተገኘ እንመልከት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዕድሜያቸው 9 እና 10 ዓመት የሆኑ ከ11,000 በላይ ልጆችን መዝግቦ ለዐሥር ዓመት ያህል እንዲከታተል የተነደፈ ሰፊ የአእምሮ ዕድገት ጥናት አለ። ልጆቹ ለምንዳ የሚሰጡት ምላሽም በመጠይቅና በአእምሮ ምስል ይለካል። በዚህ ጥናት ውስጥ የልጁ «ሬስ» የተባለው ወላጁ በቅጽ ላይ ምልክት ያደረገበት መደብ ነው። ከደምቢያ ሄዶ እዚያ የወለደ አባት በልጁ ቅጽ ላይ «ጥቁር» በሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ቅድመ አያቶቹ በባርነት ተግዘው ወደ አሜሪካ የተወሰዱ ሰውም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱ ልጆች በአንድ መደብ ይገባሉ። ይህን አባት በአማርኛ «ሁለቱ ልጆች አንድ ዘር ናቸው ወይ?» ብለን ብንጠይቀው ግን አዎን ይላል ብለን አንጠብቅም። እንግዲያውስ «ዘር» የዚህ መደብ አቻ አይደለም፤ ወይም ቢያንስ ያለ ማብራሪያ ብቻውን ሊቆም አይገባውም።

4. የትሪኒዳድ ምሳሌ

የምንለው ነገር የቃላት ጥንቃቄ ብቻ እንዳይመስል አንድ የታወቀ ጥናት እንውሰድ። ዋልተር ሚሼል የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናት በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በትሪኒዳድ ደሴት ከ7 እስከ 9 ዓመት የሆናቸውን ሃምሳ ያህል የገጠር ተማሪዎች መርምሯል። ከልጆቹ ከፊሉ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ልጆች፣ ከፊሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በውል ለእርሻ ሥራ የመጡ ሕንዳውያን ልጆች ነበሩ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ምርጫ ቀረበለት፤ ዛሬ የአንድ ሳንቲም ከረሜላ ወይስ ከሳምንት በኋላ የዐሥር ሳንቲም? በደሴቲቱ ሁለቱ ወገኖች አንዱ ሌላውን የሚያማበት ወሬ ነበር፤ አንዱ «ለዛሬ ብቻ ነዋሪ»፣ ሌላው «ገንዘብ ቀባሪ» እየተባለ ይታማ ነበር። የምርጫውም ውጤት ለጊዜው ሐሜቱን የሚደግፍ መሰለ፤ የሕንዳውያኑ ልጆች ይበልጥ የዘገየውን መረጡ።

ሚሼል ግን በዚህ አላቆመም። አባት በቤት ውስጥ መኖር አለመኖሩን ሲመለከት፣ ፈጥኖ የመምረጡ ነገር ከአባት አለመኖር ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘው። በ1961 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ተከታይ ጥናት በትሪኒዳድና በግሬናዳ ልጆች መካከል ያው ግንኙነት በ8 እና በ9 ዓመት ልጆች ላይ ታየ፤ ከ11 እስከ 14 ዓመት በሆኑት ላይ ግን አልታየም። በዕድሜ የሚጠፋን ነገር «የዘር» ብሎ መጥራት እንዴት ይቻላል?

ለተርጓሚ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ደግሞ የመጀመሪያው ጥናት ርእስ ነው። ርእሱ «ሬስ» የሚል ቃል የለበትም፤ ስለ አንድ ባህላዊ ትዝብት የተደረገ ሙከራ መሆኑን ይናገራል። ጥናቱን «በልጆች ላይ የታየ የዘር ልዩነት» ብሎ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ደራሲው የመረመረውን ሐሜት መልሶ በደራሲው አፍ ያስገባል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶችም ወደዚሁ ይመራሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሴሌስት ኪድና ባልደረቦቿ ለሕፃናት መጀመሪያ የተሰጣቸው ቃል ሲታጠፍባቸውና ሲጠበቅላቸው የሚያሳዩትን ልዩነት መረመሩ። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ ያህል ብቻ። አማርኛ ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ ትዕግሥትን ይመክራል፤ ወዲያውም «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ በማይታመን ተስፋ ላይ ይሳለቃል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በካሜሩን የንሶ ገበሬዎች የ4 ዓመት ልጆች ከጀርመን መካከለኛ ኑሮ ካላቸው ቤተሰቦች ልጆች ይልቅ በብዙ ታግሠው ተገኝተዋል፤ ከንሶ ልጆች ከ10 ወደ 7 የሚሆኑት፣ ከጀርመኖቹ ከ10 ወደ 3 የሚሆኑት ሁለተኛውን ምግብ ጠብቀው አግኝተዋል። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን የፈለጉት በልጅ አስተዳደግ ውስጥ ነው።

5. መስፈሪያውና «ለውጥ» የሚለው ቃል

የጎንደር ቁናና የቆላ ድባ ቁና ልካቸው አንድ መሆኑ ሳይረጋገጥ፣ ከዚህኛው ገበያ አሥር ቁና ከዚያኛው ዘጠኝ ቁና ተሰፈረ ተብሎ የትኛው እህል እንደሚበዛ አይፈረድም። በልጆች ጥናትም እንዲሁ ነው። መጠይቁና ሙከራው በሁሉም ልጆች ዘንድ አንድ ነገር መስፈሩ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ልጅ ከሰባት ዓመት ጀምሮ ጾም ይለማመዳል። በጾም ወራት የእንስሳት ተዋጽኦ ያለበት ከረሜላ ቀርቦለት አልነካም ያለ የቆላ ድባ ልጅ ለምንዳ ያለው ምላሽ ደካማ ነው ሊባል አይችልም፤ የሰባት ዓመቱም ልጅ ከስድስት ዓመቱ የተለየው በአእምሮው ብስለት ብቻ ላይሆን ይችላል።

እዚህ ላይ «ለውጥ» የሚለውም ቃል ጥንቃቄ ይሻል። የሚሼል የ8 ዓመትና የ12 ዓመት ልጆች የተለያዩ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ልጅ አድጎ እንደገና አልተጠየቀም። አማርኛ «ልጆቹ ሲያድጉ ተለወጡ» ካለ ግን ያው ልጅ መለወጡን መስክሯል። እንግዲህ የተለያዩ ልጆች በአንድ ጊዜ ሲነጻጸሩ «ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ተለይተው ተገኙ»፣ ያው ልጅ ለዓመታት ሲታይ ደግሞ «ልጆቹ በዕድሜ ተለወጡ» ማለት ይገባል። ሁለተኛውን ለማለት የሚያስችል ጥናት በአገራችንም አለ፤ «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት አማራን ጨምሮ ከኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍሎች የተመረጡ 3,000 ያህል ልጆችን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ተከታትሏል። ልጆቹን የሚለያያቸው የቤተሰብ ኑሮ፣ የትምህርትና የመኖሪያ ሁኔታም አብሮ ይመዘገባል።

6. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ «ዘር» በሕግ ቋንቋችን የጸና ቃል ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ልዩነት ሊደረግባቸው ከማይገቡ ነገሮች መካከል ዘርን ከብሔርና ከቀለም ጎን ይጠቅሳል። ሕጉ ግን ቃሉን የሚጠራው ሰዎች በዚህ ስም እንዳይበደሉ ነው እንጂ ስሙ የሰውን ጠባይ ይወስናል ለማለት አይደለም። በሕግ ውስጥ ይቆይ እንላለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ቃሉን በማለስለስ እውነተኛውን በደል እንሸፍናለን የሚል ነው። ይህን በቸልታ አናልፈውም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ከላይ የጠቀስነውን የ9 እና የ10 ዓመት ልጆች መዝገብ ተመልክቶ፣ ጥቁርና ነጭ በተባሉ ልጆች መካከል በአንዳንድ የአእምሮ ክፍሎች መጠን የታየው አነስተኛ ልዩነት በከፊል ልጆቹ ከደረሰባቸው መከራ፣ በተለይም ከቤተሰብ ገቢ ማነስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ የምንዳ ምላሽን አልለካም፤ ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሆናል። እዚያ ላይ መደቡ የሚሠራው እንደ ዘር ከውስጥ በቅሎ አይደለም፤ ሰው በዚያ መደብ ስለተመደበ ከውጭ በሚደርስበት ነገር ነው። ይህን ለመናገር የሚያስፈልገን ቃሉን መሸሽ ሳይሆን ምደባ መሆኑን መግለጽ ነው። «የዘር ምደባ» ስንል መዳቢ መኖሩን እንናገራለን፤ በደልም ካለ በዳዩ ይታያል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የእንግሊዝኛውን ቃል በፊደላችን ጽፈን እንተወው የሚል ነው። ትውስት ቃል በራሱ ነውር የለበትም፤ ከረሜላም ትውስት ነው። ነገር ግን መምህሩ ያልተረዳውን ቃል ሲያጋጥመው በሚያውቀው ቃል ይተካዋል፤ የሚያውቀውም «ዘር» ነው። ችግሩን ከገጹ ላይ አንሥተን ወደ ክፍሉ ውስጥ ማስገባት ይሆንብናል።

አራተኛው ተቃውሞ የምናቀርበው ስያሜ ረዘመ የሚል ነው። ይህን እንቀበላለን። በመዝገበ ቃላት ራስ ላይ የሚቆመው ቃል ያጥር ዘንድ ይገባል፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን ሦስት ቃል ጨምሮ አንድ ሐሰት መቀነስ ኪሳራ አይደለም።

7. የቀረበ የማሻሻያ ሐሳብ

ሀ) ምንዳ፦ አንድን ድርጊት ተከትሎ የሚገኝና ድርጊቱን መልሶ ለመፈጸም የሚገፋፋ ደስ የሚያሰኝ ውጤት። «ሽልማት» በውድድር ወይም በክብር ለሚሰጠው ብቻ ይጠበቅ።

ለ) ቅርብ ምንዳ፣ የዘገየ ምንዳ፦ ወዲያው የሚገኘውና ተጠብቆ የሚገኘው።

ሐ) ለምንዳ የሚሰጥ የምላሽ ልክ (በአጭሩ የምንዳ ምላሽ)፦ ሰው ለምንዳ ወይም ለምንዳ ተስፋ የሚያሳየው ምላሽ ብርታት ወይም ድካም። «ስሱነት» ለሰውነት ክፍልና ለመሣሪያ ይቆይ፤ ለልጅ ጠባይ አይነገር።

መ) የዘር ምደባ፦ ሰዎች በቅጽ፣ በሕግ ወይም በልማድ የሚመደቡበት ወገን። በጥናት ዘገባ ውስጥ «በዘር ምደባ በተለዩ ወገኖች መካከል የታየ ልዩነት» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ። መዳቢው ማን እንደሆነ (ወላጅ፣ ተመራማሪ ወይም መንግሥት) ቢቻል ይገለጽ።

ሠ) የዕድሜ ልዩነት እና የዕድሜ ለውጥ፦ የመጀመሪያው የተለያዩ ልጆች ሲነጻጸሩ፣ ሁለተኛው ያው ልጅ ለዓመታት ሲታይ።

በነዚህ ስያሜዎች የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንደገና ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «ልጆች ለምንዳ የሚሰጡት የምላሽ ልክ ከዕድሜ ጋር የሚለወጥበት ሁኔታ፣ በዘር ምደባ በተለዩ ወገኖች መካከል ልዩነት ታይቶበታል።» ዓረፍተ ነገሩ ከፊተኛው ይረዝማል። ነገር ግን አንባቢው ሦስት ጥያቄ ይዞ ይነሣል፤ ማን መደባቸው? በምን ተሰፈረ? የታየው ልዩነት ከምን መጣ? የፊተኛው ዓረፍተ ነገር ሦስቱንም ጥያቄዎች «ዘር» በሚለው አንድ ቃል ዘግቷቸው ነበር።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስታውስ። በአገራችን በቅርብ ዓመታት «ዘር» የሚለው ቃል ሰውን ከጎረቤቱ ለመለየት ብዙ ጊዜ ተጠርቷል፤ ያስከተለውንም ጉዳት ሁላችንም አይተናል። የቆላ ድባው መምህር በክፍሉ ውስጥ የልዩ ልዩ ቤተሰብ ልጆችን አስቀምጦ ያስተምራል። ከእነርሱ አንዱ ቀድሞ ሲቸኩል፣ ሌላው ሲታገሥ በየዕለቱ ያያል። ስለ ልጆቹ የሚያነበው የሳይንስ ጽሑፍ ችኮላውን በአባቱ ስም እንዲያስረዳ ከመራው፣ ጥፋቱ የሳይንሱ ሳይሆን አቻ ቃሉን የመረጥነው የእኛ ይሆናል። ስለዚህ ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች በቋንቋና በሥነ ልቡና ባለሙያዎች እንዲመረመሩ፣ የተሻለ ቃል ያለውም እንዲያቀርብ እንጠይቃለን።